ሦስት ደቂቃ

ከባቡሩ ወረድኩ፣ ምሽት አንድ ሰዓት፤
ረሆቮት ጣቢያ፣ ጠዋት ካሰርኩበት ከብረት አጥሩ ፊት
የፊት ጎማ አገኘሁ።
ጎማ ብቻ። እንደታሰረ አለ፤
ቀሪው ብስክሌቴ ጎማውን ጥሎልኝ ወዴት እንደዋለ
ማን ያውቃል?
ቁልፌ አልተነካም፤ አደራውን ጠብቋል፤
የሰጠሁትን ጎማ እንዳቀፈ ቆሟል።

ጎማውን ታቅፌ ኪርያት ሞሼ ስደርስ
ደረጃው ላይ ያሉ ልጆች ጠየቁኝ፣ "ቀሪውስ? ቀሪውስ?"
አድና ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታ፣
"ጅብ ከሄደ ወዲያ ውሻ እንዲጮህ ማታ፣
ነገ ቁልፍ ትገዢያለሽ፤ አውቅሻለሁ" አለችኝ።
እውነቷን ነው። በማግስቱ ሳይሆን፣ በወሩ ሄድኩኝ፤

ሌላ ብስክሌት ይዤ፤ ያገለገለ ነው፣ ከተማሪ እጅ በቅናሽ፤
ቀለሙ የተላጠ፣ ደወሉ የሚያስነጥስ፣ ፍሬኑ አልቃሽ።

የናፍታሊ ሱቅ ከገበያው ጀርባ፣
ብረት ብረት ይሸታል ገና ስትገባ።
እንደ እባብ የተጠመጠመ ሰንሰለት አለ፣
እንደ አናጢ ሜትር በየመገጣጠሚያው ታጥፎ የዋለ፣
የፈረስ ኮቴ መሳይ፣ ጎባጣ፣ ወፍራም፣
ቀጭን ገመድ ደግሞ፣ ስሙ ቁልፍ እንጂ ግብሩ ከክር አያልፍም።

ናፍታሊ ሰንሰለቱን ከመስቀያው አውርዶ
እጄ ላይ ጣለልኝ፤ ትከሻዬ ዘመመ፣ ከብዶ።
"ሁለት ኪሎ ተኩል! ሌባ ሲያየው ይሸሻል።"
"እኔም እየሸሸሁ ነው፤ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ባቡሩም በሩጫ ይገኛል።
ቀላሉን አሳየኝ።"
ሳቀ።
"ቀላል ለተሸካሚ፣ ቀላል ነው ለሌባም።"

አባቴ አብሮኝ ነበር፣ ከሐኪም ቤት መልስ፣
ሳጥን ላይ ተቀምጦ የመድኃኒት ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ሲያስስ።
ወገራ እያለ ቀጥቃጭ ነበር፤
ቀን ማረሻ የሚያሠሩት፣
ማታ ስሙን የሚፈሩት።
እዚህ ብርቱካን ሲያሽግ ሃያ ዓመት አለፈ፤
መዶሻ ጨብጦ አያውቅም፤ እጁ ግን አልሰነፈ።

ተነሥቶ ታጣፊውን በአንድ ጣቱ አንጠለጠለ፣
በቤቱ ቁልፍ መታው፤ ጆሮውን አስጠግቶ፣ "ዝም በሉ" አለ።
"ይሄ ጭቃ ነው" ብሎ ወደ ጎን አኖረው፤
ሌላ መታ። ቆየ።
"ይሄኛው ውሃውን ደህና ነው የጠጣው።"
ወደ ዕብራይስጥ ብመልሰው ናፍታሊ ግራ ገባው፤
"ውሃ ከጠጣ እኮ ዝገት ነው የሚበላው!"

ከጎረቤቱ ዓሣ ሻጭ ሚዛን ላይ ጣልነው፤
ስምንት መቶ ግራም፤ የደህና ካርፕ ያህል ነው።
"ልቅረፈው?" አለ ዓሣ ሻጩ።

ናፍታሊ ግን አልዋሸኝም፤
"በባትሪ የሚሠራ መቁረጫ ይዞ የመጣ ሌባ ግን
ይህንንም ይቆርጣል። ሦስት ደቂቃ ነው የምሸጥልሽ፤ እወቂ ቁርጡን።"
"ሰንሰለቱስ?"
"አምስት።"

አባቴን አየሁት።
"እኔ ብረት የማይቆርጠው ብረት ሠርቼ አላውቅም" አለ፤
ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ትከሻዬ ላይ ሰቀለ።
"በየቀኑ ትከሻሽ ላይ የሚቀመጥም ሌባ ነው፤
ጉልበትሽን ሲወስድ ኮቴ የለው፣ መቁረጫ አያሻው።
ለሁለት ደቂቃ ብለሽ
አትጉበጪ፣ ልጄ።"

ዛሬ ጠዋት አሰርኩት፤
ፍሬሙን ከኋላው ጎማ፣ ሁለቱን ከአጥሩ።
ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ፣
በቤቴ ቁልፍ መታ አደረግኩት።
ስለ ብረት አላውቅም። ጭቃ ግን አይደለም ድምፁ።

መድረኩ ላይ ስደርስ ድምፅ ማጉያው ተናገረ፤
"የቴል አቪቭ ባቡር ሦስት ደቂቃ" ብሎ ጀመረ።
ዞሬ አጥሩን አየሁ።
አንድ ወታደር ሳንድዊች እየበላ አለፈ።
አንዲት ድመት ኮርቻው ላይ ወጣች፤ ወረደች።
ሌላ ማንም አልመጣም፤
እኔ ግን ባቡሩ በሩን እስኪከፍት ድረስ
ዓይኔን አላነሣሁም።